የስሜት ሕመም መድኃኒት በግቢ፦ ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ ክሊራንስ

ድባቴና ባይፖላር በሕክምናው የስሜት ሕመሞች ተብለው በአንድ ወገን ይመደባሉ፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ወጣቱ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ በሚገባበት ዕድሜ ነው። በቡታጅራና አካባቢው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የባይፖላር ጥናት፣ ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀበት አማካይ ዕድሜ 22 ዓመት አካባቢ መሆኑን አግኝቷል። በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት በ8 አገሮች፣ በ19 ኮሌጆች ወደ 14 ሺህ የሚጠጉ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የተጠየቁበት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ከተጠያቂዎቹ 31 በመቶ በሚሆኑት ላይ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ የአንድ የአእምሮ ጤና ችግር ምልክቶች መታየታቸውን ዘግቧል። ኢትዮጵያ በዚህ ጥናት አልተካተተችም። ይሁን እንጂ ከተመደበበት ግቢ እስከ ቤቱ አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ የሚጓዝ፣ በአንድ ዶርም ከብዙ ሰው ጋር የሚያድር፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ የሚጠበቅበት ተማሪ ከእነዚያ የቀለለ ኑሮ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ያለ አይመስለኝም።

ለእነዚህ ሕመሞች በአገራችን የሚታዘዙት መድኃኒቶች በአብዛኛው ለአሥርት ዓመታት የተሠራባቸው፣ ጠባያቸው የታወቀ መድኃኒቶች ናቸው። በእኔ አስተያየት በግቢ ውስጥ ሕክምናው የሚከሽፈው መድኃኒቱ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን በሚታወቁ ጊዜያት ስለሚቋረጥ ወይም ስለሚዛባ ነው፤ እነዚህም የፈተና ሰሞን፣ የጾም ወራት፣ የክረምት እረፍትና ምርቃት ናቸው። ሁሉም አስቀድመው በቀን መቁጠሪያ ላይ የሚታዩ ስለሆኑ ዝግጅት ሊደረግባቸው ይችላል። ለዝግጅቱ ግን ሕመሞቹንና መድኃኒቶቹን በመጠኑም ቢሆን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሐኪም ድባቴ ብሎ የሚጠራው ቢያንስ ለሁለት ሳምንታት፣ በአብዛኛው የቀኑ ክፍል የሚቆይ የስሜት መጨለምን ወይም ከዚህ ቀደም ደስ ይል ለነበረ ነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣትን ነው። ከዚሁ ጋር እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይዛባሉ፣ ጉልበት ይከዳል፣ አንድ ገጽ አንብቦ ያነበቡትን ማስታወስ ያቅታል፣ የጥፋተኝነት ስሜትና አንዳንዴም የሞት ሐሳብ ይመጣል። እኛ ዘንድ ግን ተማሪው ወደ ክሊኒክ ሲሄድ የሚናገረው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ጨጓራ ማቃጠልና ስለ ድካም ነው፤ በዚህም ምክንያት የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ታዝዞለት፣ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ወደ ዶርሙ የሚመለሰው ጥቂት አይደለም። በዘጠኝ ጥያቄዎች የተዘጋጀውና ውጤቱ ከ0 እስከ 27 የሚደመረው የድባቴ መለያ ቅጽ በአማርኛ ተተርጉሞ በአዲስ አበባ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ የተፈተሸ ሲሆን፣ ለመሙላት የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቅጹ በራሱ በሽታውን አይወስንም፤ ውጤቱ 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን ባለሙያው ቁጭ ብሎ በደንብ ሊጠይቅ እንደሚገባ ያሳስባል። ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ በዚያው ሆድና ራስ ምታት የተመለሰ ተማሪ ባለሙያው ባይጠይቀው እንኳን ስለ እንቅልፉና ስለ ስሜቱ ራሱ ቢያነሳ ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ባይፖላር ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ከላይ የተገለጸው ድባቴ ሲሆን፣ ሌላው ማኒያ የሚባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ የሚግልበት ወይም ቁጡ የሚሆንበት፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚቆይ ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ተማሪው ሁለትና ሦስት ሰዓት ተኝቶ ምንም ድካም አይሰማውም፤ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ሐሳቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ከቤት የተላከለትን የወር ገንዘብ በአንድ ቀን ያጠፋል፣ ተልእኮ እንደተሰጠው ወይም ታላቅ ነገር እንዳገኘ ይናገራል። ቀለል ያለው ዓይነት ለአራት ቀናት ያህል ብቻ ሊቆይና ከውጭ ሲታይ ትጋት ሊመስል ይችላል። የዶርም ጓደኞች መጀመሪያ «ምን ያህል ጎበዝ ሆነ» ይላሉ፤ ቀጥሎ ጠባዩ ተበላሸ ይላሉ፤ ሐኪም ቤት የሚታሰበው ከሁሉም በኋላ ነው።

ይህ ልዩነት የመጀመሪያው ኪኒን ከመዋጡ በፊት መለየት አለበት፤ ምክንያቱም የድባቴ መድኃኒት ባይፖላር ላለበት ሰው ብቻውን ሲሰጥ ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል። ችግሩ ባይፖላር ያለበት ሰውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሕክምና የሚመጣው በድባቴው ወቅት መሆኑ ነው፤ ያለፈውንም የግለት ጊዜ እንደ ሕመም አድርጎ አያስታውሰውም፣ ይልቁንም በሕይወቱ ምርጡ ወቅት አድርጎ ሊያስበው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ «ያለ እንቅልፍ ብዙ ጉልበት የተሰማህ ጊዜ ነበር ወይ?» ብሎ ካልጠየቀ ተማሪው ራሱ ሊነግረው፣ ቢቻል ደግሞ ለእናቱ ወይም ለታላቅ እህቱ ስልክ ደውሎ ከሐኪሙ ጋር ሊያገናኛቸው ይገባል። ከቅርብ ዘመድ መካከል ተመሳሳይ ሕመም የነበረበት ሰው መኖሩም መነገር ያለበት ነገር ነው፤ ቤተሰብ ደብቆት የኖረው አጎት እዚህ ላይ ይጠቅማል።

አሁን ወደ አገልግሎቱ እንምጣ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ተማሪ የሚያገኛቸው በሮች ሁለት ናቸው፤ የተማሪዎች ክሊኒክና በተማሪዎች ዲን ሥር የሚሠራው የምክር አገልግሎት። አማካሪው አብዛኛውን ጊዜ የሥነ ልቡና ምሩቅ ስለሆነ መድኃኒት አያዝም፤ ነገር ግን ለቀላል ድባቴ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መጀመሪያ የሚመክረው ንግግርን መሠረት ያደረገ ሕክምና ነውና፣ ጥሩ አማካሪ ካለ ብዙ ተማሪ መድኃኒት ሳያስፈልገው ይድናል። ክሊኒኩ ደግሞ በአብዛኛው በነርሶችና በጤና መኮንኖች የሚሠራ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ሪፈር የሚጽፍ ተቋም ነው። በሆስፒታሉ መድኃኒት የሚያዝዘው የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ተገቢ ነው፤ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በመሆኑና ቁጥራቸው አሁንም አነስተኛ በመሆኑ፣ ሥራውን በአብዛኛው የሚሸፍኑት በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ባለሙያዎችና የሥነ አእምሮ ነርሶች ናቸው።

እዚህ ላይ የግቢዎች ዕድል እኩል አይደለም። ጅማ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳና መቀሌን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የማስተማሪያ ሆስፒታልና የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላላቸው ሪፈሩ የአንድ ከተማ ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባም ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረው አማኑኤል አለ። በኋላ በተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሪፈሩ ወደ ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላልና፣ ተማሪው ወረቀቱን ሲቀበል የሕክምናውን፣ የመድኃኒቱንና የትራንስፖርቱን ወጪ ዩኒቨርሲቲው ይሸፍን እንደሆነና በምን ደረሰኝ እንደሚወራረድ እዚያው መጠየቅ አለበት።

ለድባቴ በብዛት የሚታዘዙት ፍሎክሰቲን፣ ሰርትራሊንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ፍሎክሰቲን አብዛኛውን ጊዜ በ20 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ጠዋት ይወሰዳል፤ ሰርትራሊን በ50 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ይጀመራል። ሁለቱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ መቁነጥነጥና የእንቅልፍ መዛባት ሊያመጡ ይችላሉ፤ የወሲብ ፍላጎትንና ስሜትን መቀነሳቸውም የተለመደ ሲሆን፣ ማንም ስለማያነሳው ብዙ ወጣት ምክንያቱን ሳይናገር መድኃኒቱን ይተወዋል። አሚትሪፕቲሊን ከእነዚህ የቆየ፣ ማታ የሚወሰድና እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ነው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ድንገት ሲነሱ ያዞራል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ክፍል ያለው ተማሪ ሌሊት አምስትና ስድስት ሰዓት ላይ ቢወስደው ንጋቱን እንደ ሰከረ ሆኖ ያሳልፋልና ቀደም ብሎ መውሰዱን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይበጃል። ከታዘዘው በላይ ከተወሰደ ለልብ አደገኛ በመሆኑ፣ የሞት ሐሳብ ላለበት ሰው ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ አይሰጥም።

ሁሉም የድባቴ መድኃኒቶች የሚጋሩት አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለ፤ ጉዳታቸው ከጥቅማቸው ቀድሞ ይታያል። ማቅለሽለሹ በሁለተኛው ቀን ሲመጣ የስሜቱ መሻሻል ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት፣ ሙሉ ውጤቱም ስድስትና ስምንት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ሴሚስተሩ አራት ወር ያህል ብቻ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የማጠቃለያ ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው መድኃኒት የጀመረ ተማሪ ለፈተናው አይደርስለትም፤ ይህንን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ኪኒኑ አልሠራም ብሎ ፈተናው ባለቀ ማግሥት፣ ልክ ሊሠራለት በተቃረበበት ጊዜ ያቆመዋል። እኔ ሐኪም ብሆን ኖሮ ከመድኃኒቱ ስም በፊት የምናገረው ይህንን ይሆን ነበር።

በዕድሜ ምክንያት ተማሪዎችን የሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 የድባቴ መድኃኒቶች በሕፃናትና በታዳጊዎች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምሩ እንደሚችሉ በማሸጊያቸው እንዲጻፍ አዘዘ፤ በ2007 ደግሞ ማስጠንቀቂያው እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶችን እንዲጨምር አደረገ። መነሻ በሆኑት የሕፃናትና የታዳጊዎች ሙከራዎች ይህ ዓይነት ሐሳብ ወይም ድርጊት የታየው መድኃኒት ከወሰዱት 4 በመቶ ላይ፣ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ኪኒን ከወሰዱት ደግሞ 2 በመቶ ላይ ሲሆን፣ በሙከራዎቹ ውስጥ በዚህ ምክንያት የሞተ አልነበረም። ከዚህ የሚወጣው መመሪያ ወጣት መድኃኒት አይውሰድ የሚል አይደለም፤ ያልታከመ ድባቴ ራሱ ከፍተኛ አደጋ ነውና። መመሪያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠኑ በሚቀየርበት ጊዜ በቅርብ ይታይ የሚል ነው። «ከሁለት ወር በኋላ ተመለስ» የሚል የመጀመሪያ ቀጠሮ ለ20 ዓመት ወጣት ረጅም ነው፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የግቢው ክሊኒክ እንኳን ቢያየው ያስፈልጋል።

ብዙ ቤተሰብ የሚፈራው ልጁ ኪኒኑን ይለምደዋል፣ ዕድሜ ልኩን ሱሰኛ ይሆናል ብሎ ነው። የድባቴ መድኃኒቶች እንደ ሱስ የሚያስመኙና መጠናቸው እየጨመረ የሚሄድ አይደሉም። በድንገት ሲቆሙ ግን ማዞር፣ መነጫነጭ፣ የእንቅልፍ መረበሽና በሰውነት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካ የመሰለ ስሜት ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ ቢያንስ በአራት ሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነሳሉ፤ ፍሎክሰቲን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ይህ ችግር በእሱ ላይ ያነሰ ነው። በእርግጥ የሚያስለምደው የማረጋጊያና የእንቅልፍ መድኃኒቱ ዳያዜፓም ሲሆን፣ በዶርም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ግን እሱ ነው። ትራማዶልም ከፍሎክሰቲንና ከሰርትራሊን ጋር ሲቀላቀል አደገኛ ስለሆነ፣ ከጓደኛ የተቀበሉትን የሕመም ማስታገሻ ዝም ብሎ መዋጥ አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወራት እንዲቀጥል ነው። በኅዳር የጀመረና በጥር የተሻለው ተማሪ ማለት እንግዲህ ቀጣዩን ክረምት በሙሉ መድኃኒት ላይ ሆኖ ያሳልፋል ማለት ነው። ስለ ክረምቱ ከታች እመለስበታለሁ።

የባይፖላር መድኃኒቶች የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ከሁሉ የቆየው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ማኒያን እንደሚያበርድ የዘገበው ሊቲየም ነው። ሊቲየም የስሜት መዋዠቅን በመከላከልና ራስን የማጥፋት አደጋን በመቀነስ የታወቀ ሲሆን፣ ጠቃሚው መጠንና መርዛማው መጠን ግን እጅግ ይቀራረባሉ። በደም ውስጥ በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከ1.5 ሲያልፍ መመረዝ ይጀምራል። ስለዚህ መጨረሻ ከተወሰደ ከ12 ሰዓት በኋላ ደም ተሰጥቶ ይለካል፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራም በየጊዜው ይደረጋል፤ ይህ ምርመራ በማይገኝበት ቦታ ሊቲየም ባይጀመር ይሻላል የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ነው።

ሊቲየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ሲሆን፣ ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጥረው ኩላሊት ሊቲየሙንም ይዞ ያስቀረዋል። ለአገራችን ተማሪ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውኃ ሳይቀምስ የሚውል፣ በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ የሚጾም፣ በሙቀት ቀን ኳስ የሚጫወት፣ ወይም ተቅማጥና ትውከት የያዘው ተማሪ መጠኑን ሳይቀይር በደሙ ውስጥ ያለው ሊቲየም ሊያሻቅብ ይችላል። ማንኛውም ፋርማሲ የሚሸጣቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ ሊቲየምን ከፍ ስለሚያደርጉ ለራስ ምታትና ለወር አበባ ሕመም ፓራሲታሞል ይመረጣል። እጅ በኃይል ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያስመልስና ሲያስቀምጥ፣ አካሄድ ሲንገዳገድ፣ ምላስ ሲተሳሰር መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ ነው። ጾምን በተመለከተ ውሳኔውን ከጾሙ መግቢያ በፊት ከሐኪሙ ጋር፣ ቀጥሎም ከንስሐ አባት ወይም ከመስጊዱ ኢማም ጋር መነጋገር ይገባል፤ በሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው የተፈቀደ መንገድ አለና። ብዙዎች የሚያደርጉት ግን ለማንም ሳይናገሩ በጾሙ ወራት መድኃኒቱን ማቆም ነው፤ ሊቲየም በድንገት ሲቆም ደግሞ ማኒያ ቶሎ የመመለሱ ዕድል ከፍ ይላል።

ቫልፕሮይክ አሲድ ለማኒያ የሚሠራ፣ እንደ ሊቲየም በየጊዜው በደም እየተለካ ካልሆነ የማይሰጥ ስላልሆነም በብዛት የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ለሴት ተማሪዎች ግን ትልቅ ማሳሰቢያ አለው። በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ ከአሥር ሕፃናት በአንዱ ላይ ያህል የአካል ጉድለት፣ ከአሥር በሦስትና በአራቱ ላይ ደግሞ የአእምሮ ዕድገት ችግር እንደሚያስከትል ታውቋል፤ በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች ለባይፖላር እንዳይታዘዝ ይመክራል። የአካል ጉድለቱ የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ብዙዋ ሴት ማርገዟን ከማወቋ በፊት ስለሆነ «ስታገቢ እንቀይርልሻለን» የሚል መልስ በቂ አይደለም። ሌላው የባይፖላር መድኃኒት ካርባማዜፒን ደግሞ የእርግዝና መከላከያ ኪኒንንና በክንድ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ኃይል ያዳክማል፤ ይህንን የሚያውቀው የአእምሮ ክፍሉ ሲሆን መከላከያውን የሰጠው ሌላ ክፍል ነውና፣ ተማሪዋ ስለ አንዱ ለሌላው መናገር ይኖርባታል። ለማታውቀው ወንድ ባለሙያ ይህንን መናገር እንደሚያሳፍራት እገነዘባለሁ፤ በጽሑፍ መስጠትም ይቻላል።

ማኒያው ሲከፋ ሃሎፐሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፐሪዶን ወይም ኦላንዛፒን ይሰጣሉ። ኦላንዛፒን ክብደትና የደም ስኳር ይጨምራል። ሃሎፐሪዶል በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንገትን የሚጠመዝዝ፣ ዓይንን ወደ ላይ የሚሰቅል፣ መንጋጋን የሚቆልፍ የጡንቻ መኮማተር ሊያመጣ ይችላል። ይህ ሌሊት በዶርም ውስጥ ሲከሰት ያየው ሁሉ ክፉ መንፈስ ነው ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የታወቀ የመድኃኒቱ ጉዳት ነው፣ ሆስፒታል ሲደረስም በመርፌ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል። አንድ የቅርብ ጓደኛ አስቀድሞ ቢያውቀው ያን ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወስደዋል።

ወደ ፈተናው ሰሞን ስንመለስ፣ ባይፖላር ላለበት ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ማንበብ ከመድኃኒት መዝለል ያልተናነሰ አደጋ ነው፤ የእንቅልፍ ማጣት በራሱ ማኒያን ይቀሰቅሳልና። ጫት ደግሞ በውስጡ ያለው ካቲኖን አነቃቂ በመሆኑ እንቅልፉንም ያሳጣል፣ ስሜቱንም ያግላል፤ ምርቃናው ሲወርድም ድባቴውን ያባብሳል። ስለዚህ ጫት የሚቅም ተማሪ ለሐኪሙ መደበቅ የለበትም፤ ሐኪሙ ካላወቀ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ይጨምራል።

ጠበል የሚሄዱ ተማሪዎችና ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ በዚህ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፣ ጠበሉን ማንም ሊከለክላቸው አይገባም፣ መድኃኒቱን ማስቆም ግን ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበልና መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል፤ ያ ምክር ለአእምሮ ሕመም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን እዚህም ላይ ስለ ረጅም ጾምና ስለ ትውከት የተባለውን ሊያስታውስ ይገባል።

የትምህርቱ ጉዳይ ከሕክምናው እኩል ያስጨንቃል። በዩኒቨርሲቲዎች የሴኔት ሕግ በሕመም ምክንያት ትምህርትን አቋርጦ መመለስ፣ ተማሪው በተለምዶ ዊዝድሮው የሚለው፣ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ዝርዝሩና የጊዜ ገደቡ ግን ከግቢ ግቢ ይለያያል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ፎርሙን ከመሙላት ይልቅ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ በመሄዱ ነው፤ ያን ጊዜ በመዝገብ ላይ የሚቀመጠው ኤፍ ነው፣ በኋላ የሚመጣ የሐኪም ወረቀትም ያንን ለመሻር ብዙ ይቸገራል። ተማሪው ራሱ መንቀሳቀስ ካቃተው ጓደኛ ወይም ቤተሰብ ወደ ሬጅስትራርና ወደ ተማሪዎች ዲን ቢሮ ሄዶ ጉዳዩን በጊዜ ማስመዝገብ አለበት። የሕክምና ማስረጃው ተማሪው በሕመም ምክንያት ለዚህን ያህል ጊዜ መማር እንደማይችል የሚገልጽ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ የበሽታው ስም ለአስተማሪና ለዲፓርትመንት እንዳይደርስ መጠየቅ የተማሪው መብት ነው። ባለሙያው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ይህ ግዴታ የሚላላው የተማሪው ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነው።

ስለዚያ አደጋም ጥቂት ልበል። አንድ ጓደኛ መኖር እንደሰለቸው ከተናገረ፣ ዕቃውን ማከፋፈል ወይም መሰናበት ከጀመረ፣ ራሱን ስለማጥፋት ያስብ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅ ይገባል፤ ጥያቄው ሐሳቡን አያስገባበትም፣ ብዙ ጊዜም ያቀልለታል። አዎ ካለ ብቻውን አይተው፤ መድኃኒቱ በሌላ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ ለፕሮክተሩ ወይም ለክሊኒኩ ተነግሮ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ለማንም አትንገር ብሎ ቢያስምልም ይህ የሚጠበቅ ምስጢር አይደለም።

ክረምቱ የሚጠይቀው ዝግጅት በወረቀት ደረጃ ትንሽ ነው። ተማሪው ከግቢ ከመውጣቱ ሦስትና አራት ሳምንት በፊት ቀጠሮ ይዞ፣ እስከ መመለሻው የሚበቃ መድኃኒት ወይም ማዘዣ፣ የመድኃኒቱ የኬሚካል ስምና መጠን፣ የተጀመረበት ቀንና የሕመሙ ዓይነት የተጻፈበት የሪፈር ወረቀት መቀበል ነው። የንግድ ስሞች ከአንዱ ከተማ ፋርማሲ ወደ ሌላው ስለሚለያዩ በኬሚካል ስሙ መጻፉ ያስፈልጋል። በወላጆቹ ወረዳ ያለው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ እንዳለው በስልክ አስቀድሞ መጠየቅም መንገድ ያሳጥራል።

ለዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ የምለው አለ። በጉራጌ ዞን የገጠር ወረዳዎች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሙከራ፣ ባይፖላርን ጨምሮ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ክትትል የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሲያከናውኑት ውጤቱ በሆስፒታል የሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። የገጠር ጤና ጣቢያ ይህንን ከቻለ፣ ነርስና ጤና መኮንን ያለው፣ ታካሚዎቹም በአንድ አጥር ውስጥ የሚያድሩ የግቢ ክሊኒክ የማይችልበት ምክንያት የለም። የሚያስፈልገው አጭር ሥልጠና፣ የፍሎክሰቲንና የሌሎቹ ቋሚ አቅርቦት፣ እንዲሁም በቀጠሮው ያልመጣ ተማሪ የሚታወቅበት አንድ መዝገብ ነው። በተለይ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በመዝገቡ ላይ ምልክት ቢደረግባቸው መልካም ነው፤ ምክንያቱም ክሊራንስ የጨረሰ ተማሪ በዚያው ቀን የክሊኒክ ካርዱንም ይመልሳልና፣ የሪፈር ወረቀቱና የሁለት ወር መድኃኒቱ የክሊኒኩ ፊርማ ክሊራንሱ ላይ ከማረፉ በፊት እጁ ላይ መሆን አለበት።